ለድንኳን የሚሆን ቦታ

ሰኞ፣ ጥቅምት ፲፩ ቀን ፳፻፲፯

የዕድሩን ድንኳን ዛሬ ከዕቃ ቤት አስወጣሁ። ክረምቱ አሻግቶታል። ኪሩ በሳሙና አጥቦ አጥሩ ላይ አሰጣው። ጡሩምባ ነፊያችንም ድንኳን ተካያችንም እርሱ ነው። መንገደኛው ሁሉ ድንኳኑን ሲያይ ቆም እያለ "ማን ዐረፈ?" ይላል። ኪሩ ደግሞ፣ "ማንም! ድንኳኑ ፀሐይ እየሞቀ ነው" እያለ ይሥቃል። በዕድር ዕቃ መቀለድ አልወድም። ነገርኩት። አንገቱን ደፋ... ዞር ስል እንደገና ሣቀ።

ከሰዓት በኋላ ጉባኤ። ከልማቱ ጽሕፈት ቤት ሁለት ሰዎች መጡ። ሰፈራችን ለልማት እንደሚነሣ ካወቅን ቆይተናል። የዛሬው አዲስ ነገር፣ የምንሄደው ከእንጦጦ ማዶ ወደሚሠራው አዲስ ከተማ መሆኑ ነው። ቤቱ በዕጣ ይደርሳል። ጉለሌ አጥር ለአጥር የኖረ ሰው እዚያ የት እንደሚበተን አይታወቅም። የመኖሪያ ሰፈሮቹ ፕላን ሲሠራ ግን አንድ የነዋሪ ተወካይ ይቀመጣል አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። የዕድሩ ዳኛ ነኝ፤ ግማሾቹን ፊደል ያስቆጠርኩም እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ እንቢ አልኩ። ወጉ እንዲያ ነው። በአራተኛው ተቀበልኩ።

ብርቅነሽ ምን አለች? "በመጀመሪያው እሺ ብትል ኖሮ እራቱ ሳይቀዘቅዝ ትደርስ ነበር።" ስንት ዘመን አብራኝ ኖራ... ወግ የማይገባት ሴት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት ፲፬

ስብሰባው ለሦስት ሰዓት ተጠራ። ሦስት ሰዓት ላይ ተገኘሁ። ጽዳት ሠራተኛዋና እኔ ብቻ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ የመጣው ረፋዱ ካለፈ በኋላ ነው፤ ይቅርታ እንኳ አልወጣውም። በዚህ ዓይነት ሰው እጅ ነው ከተማ የሚሠራው?

ፕላኑን ያስረዳችን ሮሐ የምትባል ወጣት ናት። የከተማ ፕላን ባለሙያ። አለባበሷ ጨዋ ነው። ንግግሯ ግን ብሎክ፣ ፓርኪንግ፣ ግሪን ኤሪያ... አማርኛው የት እንደገባ እንጃ። ከሥዕሉ ላይ ተከተልኳት። ሕፃናት የሚጫወቱበት አለ። መኪና የሚያድርበት አለ። ቆሻሻ የሚጠራቀምበት እንኳ ቦታ ተሰጥቶታል። እጄን አነሣሁ።

"ልጄ፣ ለቅሶ የምንቀመጠው የቱ ጋ ነው?"

ሥዕሉን አየችው። አገላብጣ አየችው። ኃላፊው ቀደማት። "አባት፣ እኛ ፕላን የምንሠራው ለመኖሪያ ነው። ለመሞቻ አይደለም።" አጠገቡ ያሉት ሣቁ።

"ሰው የማይሞትበት ሰፈር ልትሠሩ ከሆነ ቀድመህ ንገረኝ" አልኩት፣ "ጓዜን ትቼ ዛሬውኑ እገባለሁ።"

ያኔ የሣቀ የለም። ሁለገብ አዳራሽ አለ አሉኝ። ለአራት ሰፈር አንድ። መጠቀም የሚፈልግ ከአንድ ሳምንት በፊት ያስመዘግባል።

ከአንድ ሳምንት በፊት!

ዓርብ፣ ጥቅምት ፲፭

ደሜ አልበረደም። ማን ነው የሚያስመዘግበው? ሟቹ ራሱ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት ፳፫

ልብስ ሰፊው ሙንዲር ትናንት ረፋዱ ላይ ዐረፈ። ደግ ጎረቤት ነበር። ቀብሩ በዕለቱ ተፈጸመ። ድንኳኑ በቤቱ ፊት ያለውን መንገድ ከዳር እስከ ዳር ይዞታል። ዛሬም አልተነሣም።

ሮሐ መጣች። ብቻዋን፣ ሳትጠራ። ሻሽ አስራለች። መጀመሪያ ገብታ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች። በወግ ያሳደጋት ሰው አለ ማለት ነው። ከዚያ ነው ወጥታ በሜትር መለካት የጀመረችው። ቡሽራ አየኝ፣ አየሁት። ቡሽራ ምክትሌ ነው፤ ሱቁ ከዕድሩ ዕቃ ቤት ፊት ለፊት ነው። ምላሱ አያርፍም።

"መንገዱን ዘግታችሁታል እኮ" አለችው።

"እኅቴ፣ ይህ መንገድ የሚከፈተው ሰው ሳይሞት ሲቀር ነው።"

አንድ ላዳ መጣ። ድንኳኑን አየ። ጡሩምባ ሳያሰማ ወደኋላ ተመለሰ። ልጅቷ ይህን ቆማ አየችው። የክርስቲያኑ ሴቶች ውኃ ሲቀዱ፣ የሙንዲር ወገኖች የጽጌን ጾም ለያዘው ለብቻ ሲያቀርቡለት አየች። ማንም ማንንም አላዘዘም።

ከዚያ ነገረችኝ። በብሎኮቹ መካከል ያለው መንገድ ለእሳት አደጋ መኪና ነው፤ ለአንድ ሰዓትም አይዘጋም። ሣሩ ላይ መትከል አይቻልም። መኪና ማቆሚያውም ባለቤት አለው። ቤት ቢቃጠልስ የኔታ? አለችኝ። እርስዋም እንደ ሰፈሩ ልጅ የኔታ ማለት ጀምራለች።

እውነቷን ነው። የሚያናድደው ይህ ነው... እውነቷን መሆኑ። እንግዲህ በዕጣ ከተበተንን በኋላ የምንገናኝበት አንድ መሬት ካልተተወልን ዕድሩ በምን ይቆያል? ማን የማንን ሞት ይሰማል?

ሰኞ፣ ኅዳር ፪

ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። "ነገ ይምጡ።"

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፫

ሄድኩ። "ነገ ይምጡ" ያለኝ ሰው ያው የትናንቱ ነው። ትናንት መምጣቴን አላስታወሰም። ቢያንስ ውሸቱን ቢለዋውጠው ምን ነበረበት?

ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፪

ኅዳር ሲታጠን። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን አቃጥሎ ጭሱ እንጦጦን ሸፍኖታል። ብርቅነሽ የኔን አሮጌ ጫማ ልታቃጥል ስትል ደረስኩባት።

ሮሐ ደወለች። ኮሚቴያቸው ጥያቄዬን አይቶ "ድንኳን ትንሽ ነገር ነው፤ የትም ይቀመጣል" ብሎ አልፎታል። "በወረቀት አይታያቸውም የኔታ" አለች። "እ... ማለቴ፣ እዚያው ቦታው ላይ ተተክሎ ቢያዩት..."

ቦታው ላይ ተተክሎ! ለምን አይሆንም? ኃላፊው መጥቶ በዓይኑ ይይ። የቱ ጋ እንደሚበቃ፣ የቱ ጋ እንደማይበቃ ይለካ።

ቡሽራን አማከርኩት። ፊቱ ተለወጠ። "ሰው ሳይሞት ድንኳን መትከል? የኔታ፣ ይቅርብን።"

"ሟርት ትፈራለህ?"

"ሟርት አይደለም። ሰው ምን ይላል ነው የምለው።"

ብርቅነሽም ያንኑ አለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልፈራም። አንድ ነገር ግን ያዘኝ... ደንቡ። "የዕድሩ ድንኳን ከአባልና ከአባል ቤተሰብ ሞት በቀር ከሰፈር አይወጣም።" የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማታ የዕድሩን ኮሚቴ ሰበሰብኩ። ለጋራ ጥቅም ስለሆነ በልዩ ውሳኔ አንድ ጊዜ እንዲወጣ አሳሰብኩ። ጸደቀ። እንግዲህ በሥርዓቱ ተፈጽሟል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፳፩

ጽዮን። እንጦጦ ማርያም አስቀደስኩ። ዳገቱ በየዓመቱ እየከበደ ነው። አንድ ጎረምሳ "አባባ ልደግፍዎት?" አለኝ። ምርኩዜን አሳየሁት።

ከቅዳሴ በኋላ ከባሕር ዛፉ ወጥቼ ወደ ማዶ ተመለከትኩ። አዲሱ ከተማ የሚሠራበትን ሜዳ። ምን ያህል ሰፊ ነው! ወርቅ የመሰለ ባዶ ሜዳ። ይህን ሁሉ ባዶ መሬት ይዘው ለአንዲት ድንኳን ቦታ ጠፋ ይሉኛል። ጢስ የሚወጣባቸው ጥቂት ጎጆዎች ታዩኝ። ከዚያ ወዲያ ማንም የለበትም።

ሐሙስ፣ ኅዳር ፳፮

እንዴት አድርጌ ልጻፈው? ከመጀመሪያው ልጀምር።

ጠዋት ድንኳኑን በአይሱዙ ጭነን በአዲሱ ገበያ በኩል ወጣን። ቡሽራ፣ ኪሩ፣ እኔና ጥቂት የዕድሩ ሰዎች። ሮሐ ቀድማ ደርሳ ነበር። ኃላፊውን ለአራት ሰዓት ቀጥራዋለች። ብሎኮቹ የሚቆሙበት ቦታ በቀይ ቀለም በተቀቡ ችካሎች ተመልክቷል። ከችካሎቹ መካከል አንድ ክብ፣ ደልዳላ፣ ጠጠር የሌለበት ስፍራ አገኘን። መሬቱ ልስን ያለ ነው።

"የኔታ፣ ይኼ የተለቀለቀ ይመስላል እኮ" አለ ኪሩ።

"ጽሕፈት ቤቱ አዘጋጅቶልን ይሆናል" አልኩት። እንዲያውም በልቤ አመሰገንኳቸው! "ትከል።"

ካስማው በቀላሉ ገባ። ድንኳኑ ቆመ። ወንበሮቹን ደረደርን፣ ስፋቱ በትክክል እንዲታይ። ገና ስንጨርስ ከጎጆዎቹ በኩል ሰው መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ ሴቶች፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ከሩቅ የለቅሶ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ወንዶች፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ቀስ ብለው። አንዷ ዳቦ በሰፌድ፣ ሌላዋ ውኃ በጀሪካን። ገቡ። ማንንም ሳያናግሩ፣ አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ።

ሥርዓቱን ጠብቀው ነው የተቀመጡት። እኔው ራሴ ስንቱን ያስተማርኩትን ሥርዓት። ለቅሶ ቤት ገብቶ ማን እንደሞተ አይጠየቅም፤ ይቀመጣል።

"ይንገሯቸው እንጂ" አለኝ ቡሽራ በጆሮዬ።

"አንተ ንገራቸው።"

"እኔ ምክትል ነኝ!"

ሴቶቹ ያለቅሳሉ። ኪሩ ወንበር ይዞ ከመካከላቸው ቆሞ ነበር... ዞር ብዬ ሳየው እርሱም ያለቅሳል። ለማን? እርሱም አያውቅም። እኔ ደግሞ፣ በጉባኤ ፊት ቃል አጥቼ የማላውቅ ሰው፣ ባዶ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

በመጨረሻ አጠገቤ የተቀመጠው ሽማግሌ ወደ እኔ አዘነበለ። ቱሉ ይባላል፤ በኋላ ነው የነገረኝ።

"ያንተ ሰው ነው የሞተው?"

አንተ አለኝ። እኩያዬ ነው። አልከፋኝም... እሺ፣ ጥቂት ከፋኝ።

"ሰው አልሞተም" አልኩት።

"ድንኳኑስ?"

"ለመለካት ነው። ይበቃ እንደሆነ ለማየት..."

አየኝ። ድንኳኑን አየ። ከዚያ ለሰዎቹ በኦሮምኛ ነገራቸው። ለቅሶው ቆመ። አንዲት ሴት ነጠላዋን እያስተካከለች አንድ ነገር አለች። ወንዶቹ መሬት መሬት እያዩ ሣቃቸውን ያዙ። ምን እንዳለች ቱሉን ጠየቅሁት።

"ሚስቴ ናት፤ ቦሰና። እንባዬን መልሱልኝ ነው የምትለው።"

ያኔ ሁሉም ሣቀ። ቡሽራም ሣቀ። እኔ አልሣቅሁም። ቱሉ እንዲህ አለኝ፦ "ከጉለሌ ጎረቤት ይመጣላችኋል ብለውናል። ድንኳኑን ስናይ፣ ገና ሳይገቡ ሰው ሞተባቸው ብለን መጣን።"

ጎረቤት። በዚህ ሁሉ ስብሰባ፣ በዚህ ሁሉ "ነገ ይምጡ"፣ እዚህ ጎረቤት እንዳለን አንድ ቀን አስቤያለሁ?

የኃላፊው መኪና የደረሰው በዚህ መካከል ነው። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ድንኳኑንና የተሰበሰበውን ገበሬ አየ። "ይኼ ምንድነው? ሰልፍ ነው?" ሮሐ ሮጠች። እኔም ምርኩዜን አንሥቼ "አንድ ጊዜ!" አልኩ። ምርኩዝ ማንሣቴ ጥሩ አልነበረም። መስኮቱ ተዘጋ። መኪናው ዞሮ ሄደ።

ቱሉ ሊሰናበት ተነሣ። እጄን ያዘ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

"ካስማውን ስትነቅሉ ቀስ በሉ። አውድማዬ ነው።"

አውድማው! የተለቀለቀው... በእበት የለቀለቁት ለጤፋቸው ነው። መጀመሪያ ተቀመጠ፣ አለቀሰልኝ፣ ዳቦውን አቀረበልኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ካስማዬ አውድማው ላይ እንደቆመ ያያል። አንድ ቃል አልወጣውም።

ካስማዎቹ ሲነቀሉ ልቅልቁ በየቦታው እየተቀረፈ ተነሣ። የሰው ወሰን አትግፋ እያልኩ ያስተማርኩ እኔ... ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ዓርብ፣ ኅዳር ፳፯

ኃላፊው ደወለ። ያለፈቃድ ሰው ሰብስባችኋል፤ የነዋሪ ተወካይ ምክክር ላልተወሰነ ጊዜ ቆሟል። "ገበሬዎቹን ማን ቀሰቀሳቸው?" አለኝ።

"ድንኳኑ" አልኩት።

ስልኩን ዘጋብኝ። ታላቅ ሲናገር ስልክ የሚዘጋ ትውልድ! ቀኑን ሙሉ በእርሱ ስበሳጭ ዋልኩ። ቢሆንም የሚያንገበግበኝ እርሱ አይደለም። ያ ቀስ በሉ የሚለው ድምፅ ነው። ቢቆጣኝ ኖሮ መልስ አላጣም ነበር።

ቡሽራ በሰፈሩ አውርቷል። "ያልሞተ ሰው ለቅሶ ተደረሰ" እያሉ ይሣሣቃሉ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ ፭

አውድማውን ልናድስ ሄድን። ቡሽራ፣ ኪሩ፣ እኔ። ብርቅነሽ "ይህንስ ሳላይ አልቀርም" ብላ መኪናው ላይ ቀድማን ወጣች።

ቱሉ አያስፈልግም አለ። እንቢ አልን። ቦሰና እበቱንና ውኃውን አቀረበች። እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ቡሽራ ፎቶ ሊያነሣኝ ስልኩን አወጣ፤ በዓይኔ መለስኩት።

ቦሰና አጠገቤ ቆማ ሥራዬን ትመለከታለች። "አንተ ቄስ ነህ?"

"መሪጌታ ነኝ።"

"መሪጌታ፣ እበቱን አትፍራው። አይነክስም።"

ብርቅነሽ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች። እንዲህ ስትሥቅ ካየኋት ስንት ዓመቴ? ሁለቱ ሴቶች ወዲያው እንደ እኅትማማች ሆኑ። አንዷ ታዛለች፣ አንዷ ትታዘዛለች፣ ሁለቱም በእኔ ይሥቃሉ።

ምሳ ሽሮ በላን። ቱሉ የዘንድሮ አዝመራ የመጨረሻው መሆኑን ነገረን። ምትክ ቦታ ተሰጥቷቸዋል፤ ከዚህ ሩቅ ነው፤ የሚያውቁት ሰው የለም። ልጆቻቸው አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ። ሲናገር ቁጣ የለበትም። እኔ ነኝ በእርሱ ፈንታ የተቆጣሁት።

ልንወጣ ስንል ቦሰና በሩ ላይ ያዘችኝ። እንደ ቀልድ፦ "መሪጌታ፣ እኔ ስሞት ያ ድንኳናችሁ ይመጣል? ያን ቀን የከፈልኩት እንባ አለኝ።"

ሁሉም ወደ እኔ ተመለከተ። እሺ ማለት ይቻል ነበር። ባዶ ተስፋ ግን መስጠት አልለመድኩም። "ደንባችን ለሰፈሩ አባል ነው" አልኩ።

"እሺ" አለች። ፈገግታዋን አልሰበሰበችም። "ሰላም ግቡ።"

እሑድ፣ ታኅሣሥ ፮

ብርቅነሽ አታናግረኝም። ከትናንት ጀምሮ የወጣት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ "ድንኳኑ ለመለኪያ ሲወጣ ደንቡ ወዴት ሄዶ ነበር?"

በልዩ ውሳኔ ነው የወጣው። ነገርኳት። እርሷ ግን ጓዳ ገብታ ነበር... ሰምታኛለች፣ አልሰማችኝም?

እሑድ፣ ታኅሣሥ ፳

ሮሐ ቤት ድረስ መጣች። ጉንጯ በደስታ ቀልቷል። "አሸነፍን የኔታ!"

ስለዚያ ቀን ለበላዮቹ ሁሉ አስረድታለች። ማንም ሳይጠራው ሰው በእግሩ የመጣበት ቦታ ይህ ብቻ ነው ብላቸዋለች። ኃላፊው ተቃውሞ ነበር፤ ከእርሱ በላይ ያለ ሰው ተቀበላት። በፕላኑ መካከል ክብ መሬት ተተወ። ድንኳን ይተከልበታል፣ ማንም ሳያስመዘግብ፣ በማንኛውም ቀን። ዕጣው እንዳለ ነው። እርሱን ማስለወጥ አልቻለችም።

ሥዕሉን ዘርግታ አሳየችኝ። ክቡን አየሁት። የት እንደሆነ አወቅሁ።

"ይህ የቱሉ አውድማ ነው" አልኳት።

"አዎ። ደልዳላ ስለሆነ..." ጣቷን ከክቡ ላይ አነሣች። ከዚያ፦ "የኔታ፣ እዚያ ቢተውም ባይተውም መሬቱ ለእነርሱ አይቀርላቸውም እኮ።"

ይህም እውነት ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ደጅ የጠናሁበትን ነገር አገኘሁ። ብርቅነሽ ለልጅቷ ሻይ አቀረበች። እኔ እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት፣ የሚገባ ስለሆነ። እርሷ ከሄደች በኋላ ሰፈሩ መልካም ዜናውን ሰምቶ ሊያመሰግነኝ መጣ። በአንድም ሰው ፊት ቀና ማለት አቃተኝ።

እሑድ፣ ጥር ፲፰

የዕድር ጉባኤ። ቡሽራ ተነሣ። ወደ አዲሱ ከተማ ስለምንሄድ የእዚያ አካባቢ ሰዎችም፣ ምትክ ቦታ ቢሄዱም፣ አባል ይሁኑ አለ። ጭብጨባ።

ሰብሳቢ ነኝና ሥርዓቱን ማስከበር ነበረብኝ። የደንብ ማሻሻያ ለሦስት ወር ተለጥፎ ይቆያል፤ ከዚያ ድምፅ ይሰጥበታል። እንዲያ ብዬ ወሰንኩ። ማንም አልተከራከረኝም። ቡሽራ ብቻ፣ "የሚሞት ሰው ሦስት ወር እንዲጠብቅ እንለጥፍለታ" ብሎ ተቀመጠ።

ትክክል ነበርኩ። በደንቡ ትክክል ነበርኩ... በጥቅምት "ከአንድ ሳምንት በፊት!" ብሎ የጮኸው ሰው ማን ነበር?

ሐሙስ፣ ጥር ፳፪

ማለዳ ቡሽራ በሬን አንኳኳ። ሱቁን ሳይከፍት ነው የመጣው። ቱሉ ደውሎለታል። ቦሰና ትናንት ከሰዓት ወደቀች። ሆስፒታል ሳትደርስ ዐረፈች።

ብርቅነሽ ከጓዳ ወጣች። ነጠላዋን አነሣችና ቆማ ጠበቀችኝ።

ወደ ኪሩ ቤት ሄድኩ። ፊቱን እየታጠበ ነበር። "ጡሩምባህን አምጣ" አልኩት። "የቱሉ ባለቤት ቦሰና ዐርፋለች። ድንኳኑ ይጫን።"

"የኔታ... ደንቡስ?"

"ንፋ።"

ነፋ። ከታች መንገድ ጀምሮ እስከ ላይ። "ከእንጦጦ ማዶ ያለችው ጎረቤታችን..." ብሎ ለፈፈ። ጎረቤታችን በል ብዬ አላዘዝኩትም። እኔ የፈራሁት ማንም አይወጣም ብዬ ነበር። አይሱዙው ሞልቶ ሌላ መኪና ተጨመረ።

ቀብሩ በአጥቢያቸው ተፈጽሞ ከሰዓት ወደ ግቢው መጣን። ቱሉ ግንብ የመሰለ ሰው ነበር፤ ዛሬ ትንሽ ሆኗል። ቡሽራን አቀፈው። ብርቅነሽን አቀፋት። እኔን ያዘኝ፣ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀኝም። የምለው ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ ደንቡ፣ ስለዚያ ቀን መልሴ። አላስፈለገም። ወይም አልቻልኩም።

ኪሩና የሰፈሩ ልጆች ድንኳኑን አወረዱ። ካስማዎቹን ተሸክመው ወደ እኔ አዩ፤ ምንጊዜም የት እንደሚተከል የማሳየው እኔ ነኝ። አውድማው ዳር ቀይ ችካሎች ተተክለውበታል። ሮሐ ያሳየችኝ ክብ። ጭዱ ወደ ዳር ተገፍቷል፤ ልቅልቃችን ገና ደህና ነው። ከአጠገቡ፣ ድንጋያማው ላይ ባዶ ቦታ አለ። እዚያ ይሁን ልል ነበር።

ምርኩዜን ወደ ምንም አላመለከትኩም። ወደ ቱሉ ሄድኩ።

"የት እንትከለው?" አልኩት።

አውድማውን አየ። ችካሎቹን አየ።

"አውድማው ላይ ትከሉት" አለ። "እህሉ ገብቷል። ከእንግዲህ አይወቃበትም።"

ኪሩ የመጀመሪያውን ካስማ ይዞ ተንበረከከ። መዶሻውን ከእጁ ተቀበልኩ። ቀስ ብዬ መታሁት።